የመጨረሻዋ ሁለት ሜትር

በ1979 ዓ.ም. ክረምት እኔና ገበያነሽ የባሬላ ሠራተኞች ነበርን። ባሬላ በሁለት ሰው ነው የሚያዘው፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ውጭ በሚክሰር የተቦካውን አርማታ ሞልተን ወደ ዋሻው እናስገባለን። ከዋሻው አፍ እስከ ሥራው ቦታ መቶ አርባ ሜትር ነው። ሲያወሩት ትንሽ ነው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ስለሚውጥ ጋሪ አይገፋበትም፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀጥ ተብሎ አይኬድበትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብተን አሥራ አንድ ሰዓት ስንወጣ እጃችን እንደተጨበጠ ይቀርና አንዳችን የሌላችንን ጣት እየዘረጋን እናላቅቅ ነበር።

ቦታው ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ገጠሩ ውስጥ ካለ አንድ ተራራ ሥር ነው። የድንጋይ ከሰል አለ ተብሎ ሁለት ዓመት ተቆፍሯል። ከሰሉ ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ማገዶ ይሆናል ይባል ነበር። ቆፋሪዎቹ መቶ አርባ ሜትር ላይ ሲደርሱ ድንጋዩ አለቀና ጥቁር ጭቃ መጣ። ጣሪያው ቀንም ሌትም ያንጠባጥባል፤ የተደገፈበት የባሕር ዛፍ አጠና እየጎበጠ ይንቋቋል። ግድግዳውና ጣሪያው አሥራ ስምንት ሜትር ያህል በአርማታ ቅስት ካልተያዘ ወደ ከሰሉ ማለፍ አይቻልም ተባለ። እኛ የተቀጠርነው ለዚያች አሥራ ስምንት ሜትር ነው።

እኔ የቢስቲማ ልጅ ነኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባሌ መጠለያ ውስጥ ሞተብኝና ልጄን ሸሪፋን አዝዬ ደሴ ገባሁ። ገበያነሽ ግን እዚያው ደሴ፣ ከፒያሳ በላይ ተወልዳ ያደገች ናት። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ረጅም፣ አፏ የማያርፍ ሴት። መንገዱ መሀል ሲደክማት፣ «ከሪማ፣ እኔ እኮ ሞቼ ነው የሚቀብሩኝ ብዬ ነበር የማስበው፤ በቁሜ መሆኑን ማን ነግሮኝ!» ትላለች። እኔ ለመሳቅ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል።

የሥራው ጣጣ እንዲህ ነበር። ሚክሰሩ በናፍጣ ስለሚሠራ ጭሱ ሰው ይገድላል፤ ዋሻ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አርማታው ውጭ ይቦካል፣ ባሬላ ላይ ይፈሳል፣ እኛ እንሸከማለን። አፈር የሚያወጡ ሰዎች ሲያጋጥሙን ግድግዳው ላይ ተለጥፈን እናሳልፋለን። ገበያነሽ ረጅም፣ እኔ አጭር ስለሆንን ባሬላው ወደ እኔ ያዘነብላል፤ ውሃው ከነሲሚንቶው እየተንጠፈጠፈ ቀሚሴ ላይ ያልቃል። ስንደርስ አርማታው ከርሯል። የቅስቱን ቅርፅ በያዘው ጣውላ ውስጥ የሚሞሉት ወንዶች አካፋ ሲሰኩበት አይበገርም። ይቆጣሉ። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በባልዲ አጠራቅመው ይደፉበታል። ያኔ እንደ አጥሚት ይፈሳል፤ እኛም ደስ ይለናል፣ ለቀጣዩ እንመለሳለን።

የሠራተኞቹ አለቃ የነበሩት ካቦ ታመው ሄዱና በምትካቸው በሐምሌ አጋማሽ አያ ሸረፈዲን ከኮምቦልቻ መጡ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ በየመንገዱና በየድልድዩ አርባ ዓመት ሲሚንቶ ያቦኩ ሰው። የጣታቸው ቆዳ በሲሚንቶ ተበልቶ አሻራ አልቀረውም። ያስላሉ፤ ሲያስሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

በመጡ ቀን ማንንም ሳያነጋግሩ ገቡና ጣውላው የተነቀለለት የመጀመሪያው ቅስት ሥር ቆሙ። ከኪሳቸው ሚስማር አወጡና በአውራ ጣታቸው ገፉት። እስከ ራሱ ገባ። መዶሻ ተቀብለው መቱት። ጠጠሩ እንደ ቆሎ ተዘረገፈ።

«ውሃ የሚጨምርበት ማነው?» አሉ።

እኔ ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ምናልባት ሰውዬው ደክሟቸው ስላየሁ ይሆናል።

«ሁላችንም ነን» አልኩ። «ሲከርብን ከጣሪያው የሚወርደውን እንጨምርበታለን።»

«ምን ያህል?»

«እስኪፈስ ድረስ።»

ፋኖሱን ወደ ፊቴ ከፍ አደረጉት። «ስምሽ ማነው?»

«ከሪማ።»

«መርሐባ፣ ከሪማ» አሉና ወደ ወንዶቹ ዞሩ። «ይሄ ይፈርሳል።»

ይፈርሳል ማለታቸው ሳይውል ሳያድር ከጓድ ደጉ ጆሮ ደረሰ። ጓድ ደጉ የፕሮጀክቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነው። መስከረም ሁለት፣ የአብዮት በዓል ዕለት፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ዋሻውን ይመርቃሉ ተብሎ ቀኑ ተቆርጦለታል። መሐንዲሱን ኢንጂነር ስማቸውን አስከትሎ መጣ። ኢንጂነሩ ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው፤ ሥራውን ያውቃል፣ ጓድ ደጉን ግን ይፈራል።

«ጓድ ሸረፈዲን፣ የሁለት ሳምንት ሥራ ላፍርስ ብለዋል አሉ። ይሄ በእኛ ቋንቋ ስሙ አሻጥር ነው» አለ ጓድ ደጉ።

አያ ሸረፈዲን ሚስማሩን አውጥተው ሰጡት። «እርስዎ ራስዎ ይውጉት።»

ጓድ ደጉ ወጋው። ቅስቱን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እጁን አራገፈ። «መቼ ይደርሳል ታዲያ?»

«በእኔ መንገድ ከተሠራ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እጨርሳለሁ። ማንም አይጨምርበት፣ ማንም አይቀንስበት።»

«ቃል ነው?»

«ኢንሻአላህ።»

ጓድ ደጉ በዚህ መልስ አልተደሰተም። ሌላ መልስ ግን አላገኘም።

በማግስቱ አያ ሸረፈዲን የተበላሸውን ቅስት አስፈርሰው ሥራውን ገለበጡት። ዋሻው መቶ ሃያ ሜትር ላይ ሰፋ ይላል፤ እዚያ ሁለት ትልልቅ ላሜራ መሬት ላይ አነጠፉ። ሚክሰሩ ቆመ። አሸዋው፣ ጠጠሩና ሲሚንቶው በደረቁ እየተለካ ይገባል፤ ላሜራው ላይ በአካፋ ሦስት ጊዜ በደረቁ ይገለባበጣል፤ ውሃ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከላሜራው እስከ ጣውላው ሃያ፣ ሠላሳ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለመክረር ጊዜ የለውም። ብዙ አይቦካም፤ ሰው ቶሎ ሞልቶ የሚጨርሰው ያህል ብቻ። አንዱ ላሜራ ላይ ሲቦካ ከሌላኛው ላይ ይታፈሳል። ደረቅ ዕቃ ያስገባ ሰው ሲመለስ አፈር ይዞ ይወጣል። የሚገቡት በቀኝ፣ የሚወጡት በግራ፤ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀረ።

ባሬላ የሚይዘውን ሰውም በቁመት እያስተያዩ አጣመሩት። ገበያነሽ ከአንድ ረጅም የወረኢሉ ሰው ጋር ሆነች። «ባሌ ቢሞት እንኳ እንዲህ ቶሎ አልዳርም ነበር» ብላ አሳቀችን። እኔን ግን ብቻዬን አስቀሩኝ።

«አንቺ ውሃው ላይ ነሽ» አሉኝ።

የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ ክዳኑን ቆርጠው፣ ከውስጡ በሚስማር መስመር ጭረውበት ሰጡኝ። ለአንድ ቡኮ እስከዚያ መስመር ነው። «አሸዋው ዝናብ ከጠጣ ከመስመሩ በታች ትይዣለሽ። ደረቅ ከሆነ ትጠሪኛለሽ። በራስሽ ጠብታ አትጨምሪም። ሲሚንቶ ውሃ ከበዛበት ዛሬ ይታዘዝልሻል፤ ነገ ይከዳሻል። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ አያ ሸረፈዲን።»

አሸዋ ጨብጠው ይለቃሉ፤ መዳፋቸው ላይ የሚቀረውን ያያሉ። የተቦካውንም ይጨብጡታል፤ ቅርፁን ይዞ ከቆየና እጃቸውን ካረጠበ ሂዱ ይላሉ። በሳምንቱ እኔም ማወቅ ጀመርኩ። ቀድሞ በቀን አራት ዙር ብንሞላ ጉድ ነበር፤ አሁን አሥር፣ አሥራ አንድ እንሞላለን። ሁለት ሜትር፣ ሁለት ሜትር እያለ ቅስቱ ወደ ውስጥ ሄደ። አዲሱን ቅስት በሚስማር ሲወጉት ሚስማሩ ይጎብጣል።

ሥራው ቀለለ ማለት ግን ድካሙ ቀነሰ ማለት አይደለም። ዱሮ መንገድ ላይ እየተጠባበቅን የምናርፋት ጊዜ ቀረች። የሲሚንቶው ብናኝ ያፍናል፤ ማራገቢያው የሚሠራው ጀኔሬተሩ ናፍጣ ሲኖረው ነው። አፋችንን በእርጥብ ጨርቅ አስረን እንውላለን። ስወጣ ዝናብ፣ ጉም። ቤቴ ስደርስ ሸሪፋ ስታወራኝ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የምትለው አይገባኝም፤ እንጀራ በአፌ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። የአያ ሸረፈዲን ሳል ከቀን ወደ ቀን ከበደ። ኢንጂነር ስማቸው፣ «እባክዎ ውጭ ሆነው ይምሩ» ቢላቸው፣ «አርማታ በሩቅ አይታይም» አሉት።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን የመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ቀረች። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ሁለት ቀን አቁሞ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ከምሳ በኋላ አያ ሸረፈዲን ሳሉ ጠናባቸውና ሁለት ሰዎች ደግፈው ወደ ውጭ አወጧቸው። ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «መስመሩን» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የገባው አሸዋ ደረቅ ነበር፤ ከክምሩ ላይ ፀሐይ ያገኘው። በመስመሩ ልክ ውሃ ሰጠሁት። አርማታው ከረረ። አካፋ የያዙት ወንዶች አንዴ ገልብጠው ቆሙ።

«ከሪማ፣ ጨምሪበት» አለ አንዱ።

«አያ ሸረፈዲን ይጠሩ» አልኩ።

«ሰውዬው ደም እየተፉ ነው። ይሄን ለመጠየቅ ነው የምታስጠሪያቸው? ክንዳችን ወለቀ እኮ!»

መጥራት ነበረብኝ። መቶ ሃያ ሜትር ሄዶ መመለስ ነው፤ ወይም አንድ ሰው መላክ። ያን ጊዜ ግን መቶ ሃያ ሜትር ሌላ አገር ነበር። ሰዎቹን አየኋቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ትንሽ ብቻ ብዬ ጨመርኩ። ታዘዘ። አካፋው ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ተለወጠ። ለሚቀጥለው ሳልጠየቅ ጨመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ላለው ደግሞ መስመሩን ማየት ተውኩ። እንደዚያ አድርጌ ስምንት ቡኮ ሰጠሁ። የቅስቱ አናት የተሞላው በእነሱ ነው።

አሥር ሰዓት ገደማ አያ ሸረፈዲን ግድግዳውን እየዳበሱ ተመለሱ። ላሜራው ላይ የቀረውን አዩት። እኔንም አዩኝ።

«ውሃው ልክ ነው?» አሉኝ።

«ልክ ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ሥራው አለቀ ብሎ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ የአጠናዎቹ ነገር መጣ። አያ ሸረፈዲን ገና ከመጀመሪያው፣ በዚያ ብርድና እርጥበት ቅስቱ ሃያ ስምንት ቀን ተደግፎ መቆየት አለበት ብለው ነበር። የፊተኞቹ ቅስቶች ቀናቸውን እየሞሉ ነው፤ የመጨረሻዋ ግን ጨቅላ ናት። ጳጉሜን ሁለት ቀን ጓድ ደጉ ሁላችንንም ከዋሻው አፍ ሰብስቦ፣ እንግዶቹ እስከ ዋሻው መጨረሻ ድረስ በእግራቸው ሄደው ያያሉ፣ በአጠና ጫካ መሀል አይሽሎከሎኩም፣ ድጋፉ ጳጉሜን አራት ይነሳ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። እሱንም ከላይ የሚጨቁነው ሰው እንዳለ ያስታውቅ ነበር።

ኢንጂነር ስማቸው መሬት መሬት እያየ፣ «አያ ሸረፈዲን፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ።

አያ ሸረፈዲን ወደ ዋሻው ዞረው አዩ። ከዚያ፣ «እኔ ባይነካ እወዳለሁ» አሉ። «ግን ሲሚንቶው ደህና ነው፣ ልኩም አልተነካም። ግማሹን አጠና፣ አንዱን ትቶ አንዱን፣ ብናነሳለት ይሸከማል። የመሀሉን መንገድ ለእንግዶቹ እንክፈት። እኔ ራሴ ከፊት ከፊት እየመራሁ አስገባቸዋለሁ።»

ልኩ አልተነካም ሲሉ ዓይኔን ወደ ጭቃው ጣልኩ። ገበያነሽ አጠገቤ ነበረች። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

«ማን ያልደከመው አለ?»

ያን ቀንና ማግስቱን ምንም እንዳልሆነ ሰው ዋልኩ። ትንሽ ውሃ ነው፤ ይችለዋል፤ ባይችለውም ገና አንድ ዓመት ይቆያል፤ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የተዘረገፈው የመጀመሪያው ቅስት ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እሱም እንደዚያው፣ እስኪፈስ ድረስ ነበር የተጨመረበት።

ጳጉሜን አራት ጠዋት፣ አናጢዎቹ መጥረቢያና መዶሻ ይዘው ሳይገቡ፣ አያ ሸረፈዲንን ከሲሚንቶው መጋዘን ጎን አገኘኋቸው። ሻይ ይዘዋል።

«አያ ሸረፈዲን፣ ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። «የመጨረሻዋ ላይ ውሃ ጨምሬበታለሁ። ስምንት ቡኮ። ወላሂ ሰነፍኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ሻዩን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ስምንቱም ወደ አናቱ ነው የገቡት?»

«አዎ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«አሁንም ለማንም እንዳትናገሪ» አሉና ተነሱ።

ተከተልኳቸው። ጓድ ደጉና ኢንጂነር ስማቸው ከዋሻው አፍ ቀይ ጨርቅ የሚሰቅሉ ሰዎችን ሲያዙ ደረስን።

«ኢንጂነር፣ ድጋፉ አይነሳም» አሉ አያ ሸረፈዲን። «የመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ተበላሽታለች።»

«ከትናንት ወዲያ ይሸከማል አላሉም?» አለ ጓድ ደጉ።

«ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። የቡኮው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ቡኮው ላይ አልነበርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ማነው ያበላሸው?»

«የእኔ ነው አልኩህ እኮ።»

ጓድ ደጉ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ሽማግሌ፣ በዓሉ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው የምትነግረኝ? አስቀድመህ አፈረስክ፣ አሁን ደግሞ አስቆምክ። ይሄን ሆን ብለህ ነው የምትሠራው!» ብሎ ጥበቃዎቹን ጠራ።

አፌን ከፈትኩ። አያ ሸረፈዲን ሳላቸው መጣና ዞር አሉ፤ ሲዞሩ ግን እጃቸው ወደ እኔ ተዘርግቶ፣ ተይ የሚል ይመስል አየሩን ወደ መሬት ጫን አደረገ። አፌን ዘጋሁ። ሁለት ጥበቃዎች መሀል አስገብተው ወሰዷቸው። የጭነት መኪናው ላይ ሲወጡ አንደኛው ጥበቃ ክንዳቸውን ይዞ አገዛቸው።

ጓድ ደጉ ወደ አናጢዎቹ ዞሮ፣ «ግቡና አንሱት!» አለ።

ኢንጂነር ስማቸው ያን ጊዜ ነው ድምፁ የወጣው። «አይገቡም።»

«ምን?»

«አልፈርምም። እንግዳ ገብቶ ቢወድቅበት የምንጠየቀው አንተና እኔ ነን።» ከመንገዱም አልተነሳም። ጓድ ደጉ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ፣ ከዚያ የዋሻውን ጨለማ አየ። ተሳደበና ሄደ።

በመስከረም ሁለት እንግዶቹ መጡ። ከዋሻው አፍ ቆመው አዩ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሱ። ወደ ውስጥ የገባ የለም፤ ጫማቸው ለጭቃ አልሆነም።

እኔ ከበዓሉ በኋላ ወደ ኢንጂነር ስማቸው ቢሮ ሄጄ ነገሩን ከነሥሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«ቁጭ በይ» አለኝ። «ይሄን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም። እሳቸው እንዲፈቱ እኔ ልግባ።»

«አንቺ ብትገቢ እሳቸው አይፈቱም። ሁለት ትሆናላችሁ፤ አሻጥር የሚባለው ደግሞ ያኔ እውነት ይሆናል። ልጅ አለሽ አይደል?»

«አለችኝ።»

«ሂጂና ሥራሽን ሥሪ። እኔ የምችለውን እጽፋለሁ።»

ሥራዬን ሠራሁ። ሌላ ምን እንደማደርግ ስላልመጣልኝ ነው። ለገበያነሽ ነገርኳት፤ ካልነገርኩ የሚፈነዳብኝ መስሎኝ። እሷ ያን ቀን ምንም ቀልድ አልቀለደችም። «እኔም ብሆን እጨምር ነበር» አለችኝና፣ ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ግን ሲጠይቁኝ ልክ ነው አልልም ነበር» አለች። ይህቺ ሁለተኛዋ ቃል ከውስጤ አልወጣችልኝም።

መስከረም ማብቂያ ላይ ሃያ ስምንቱ ቀን አልፎ ድጋፉ ተነሳ። ኢንጂነር ስማቸው አንድም ሰው ከሥር እንዳይቆም ከለከለ፤ አጠናዎቹን በገመድ አስረን ከሩቅ ነው የጎተትናቸው። ስምንቱ ቅስት ንቅንቅ አላለም። የመጨረሻዋ ላይ አራተኛው አጠና ሲወጣ አናቷ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ፤ ስድስተኛው ሲወጣ የበር መዝጊያ የሚያህል ቁራጭ ገንጥላ ጣለች። አቧራው እኛ ድረስ መጣ። ሰው አልተጎዳም። ቁራጩን በእጄ አንስቼ ስጨብጠው ጠርዙ ፈረሰ።

አያ ሸረፈዲን የተፈቱት በኅዳር ነው። ጓድ ደጉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ኢንጂነር ስማቸውም የጻፈውን ጽፎ ነበር፤ የትኛው እንዳስፈታቸው የነገረኝ የለም። ወደ ማዕድኑ አልተመለሱም። አንድ ዓርብ ፈቃድ ወስጄ፣ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ላይ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቤታቸውን እየጠየቅሁ አገኘሁት። ባለቤታቸው እትዬ መዲና በር ከፈቱልኝ።

አያ ሸረፈዲን ግድግዳ ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ግማሽ ሰው ሆነዋል። ሰላምታ ተሰጣጣን፤ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ገበያነሽ ጠየቁኝ። ስለ ቅስቱ ነገርኳቸው፤ ስምንቱ መቆሙን፣ አንዷ መውደቋን። ሰው አልተጎዳም ስላቸው «አልሃምዱሊላህ» አሉ።

ከዚያ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። «አያ ሸረፈዲን፣ አፉ በሉኝ።»

«ተነሺ። አፉ ብያለሁ፤ ዱሮ ብያለሁ። ተነሺና ተቀመጪ።»

«በእኔ ነው የታሰሩት።»

እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን አዩ። «ከሪማ፣ ያን ቀን ስመለስ ላሜራው ላይ ውሃው ሲያብለጨልጭ አይቻለሁ። አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ እንዴት አላየውም? ጎንበስ ብዬ አንድ ጭብጥ ባነሳ ያበቃ ነበር። መልሼ ማስቆፈር፣ ሰዉን ማስቆጣት፣ እንደገና ማስቦካት... ደክሞኝ ነበር። ልክ ነው ስትይኝ ደስ አለኝ። እኔ የጠየቅኩሽ ልክ ነው እንድትይኝ ነው።»

ከተንበረከክሁበት ተነስቼ ተቀመጥኩ።

«ስለዚህ የእኔ ነው ያልኳቸው አንቺን ለመሸፈን ብቻ እንዳይመስልሽ» አሉ። «አንቺም ደግሞ ከራስሽ ላይ አውርጂው አልልሽም። አንቺ ግን...» አሉና ሳሉ መጣባቸው። ሲያልፍላቸው ዓይናቸውን ከደኑ፤ ቃሉን የሚፈልጉ መስሎኝ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

እትዬ መዲና ጋቢ አምጥተው ደረብ አደረጉላቸው። «እንዲህ ነው አሁን፤ ወሬ መሀል ይተኛል። አብሽሪ፣ ቅር አይበልሽ» አሉኝና ምሳ አቀረቡልኝ። አብረን በላን። ይነቁ እንደሆነ ብዬ ቆየሁ፤ አልነቁም። ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና እንዳያመልጠኝ ሳይመሽ ብዬ ወጣሁ።

የወደቀችውን ሁለት ሜትር በጥር ሌሎች ሰዎች ሠሯት። ከሰሉ ላይ ተደረሰ፤ ቀጭን ነው ተባለ። ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ ማዕድኑ ተዘጋና ሁላችንም ተበተንን። አያ ሸረፈዲን በቀጣዩ ዓመት በረመዳን አረፉ፤ ወሬው የደረሰኝ ከተቀበሩ ከሳምንት በኋላ ነው። በማግስቱ ኮምቦልቻ ወርጄ እትዬ መዲናን አፅናናሁ፤ ጎረቤቶቹ ወጥተው እስኪያልቁ አብሬአቸው ተቀምጬ ነበር።